ቤቷ ሳትገባ የምትቆም አይጥ

የአክስቴ ልጅ ካሴቱ ነበራት፤ እኔ ቅጂው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ዛሬም ድምፄ ይቀጥናል። ልጆቼ "እማ፣ አሁንም?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ የፈለጉትን ካርቱን በፈለጉት ሰዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያሉ፤ ቅናትን የት ያውቁታል።

እሷ ቡሬ ነበር የምትኖረው፣ እኔ ፍኖተ ሰላም። ዘመኑ ደርግ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። ከኛ አገር እህልና በርበሬ ጭነው ይወጣሉ፣ አዲስ አበባ ያራግፋሉ፣ ከዚያ አሰብ ወርደው ማዳበሪያም ይሁን ሌላ፣ የታዘዙትን ጭነው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ታዲያ ከአሰብ ሲመለሱ ባለቀለም ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ይዘው ከች አሉ። ያን ሁሉ ኬላ እንዴት እንዳለፉበት እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። ከዴኩ ጋር አንድ የልጆች ካርቱን ካሴት ነበረ።

ካርቱኑ ከየት አገር እንደመጣ ዛሬም አላውቅም። ቋንቋው እንግሊዝኛ አይደለም፣ ዐረብኛም አይደለም። ግን ቋንቋ ምን ያደርጋል? አንዲት አይጥ አለች፤ ጃንጥላ አላት። ዝናብ ይዘንባል፣ ጎርፍ ይመጣና ከቤቷ ጠርጎ ይወስዳታል። እሷም ጃንጥላዋን ገልብጣ እንደ ታንኳ ትቀመጥበትና በወንዙ ትሄዳለች። መንገድ ላይ እንቁራሪት ያፌዝባታል፣ ጭልፊት ያሳድዳታል፣ አንድ ሽማግሌ ኤሊ ጀርባው ላይ ያሳድራታል። ሁሉም ነገር ቤቷ ለመመለስ ነው። ይኸው ነው ታሪኩ።

ይህን ሁሉ ሳላይ በፊት ሰምቼዋለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ጋሼ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ልጃቸውን እኛ ቤት አውርደዋት ይሄዱና ሲመለሱ ያነሷታል። እሷ እኛ ቤት በቆየችበት ጊዜ ሁሉ የሰፈሩ ልጅ እኔን ትቶ እሷን ከበበ። አጥራችን ሥር ቁጭ ብላ እንደ ጭልፊት እየጮኸች፣ እንደ ኤሊ እያዘገመች ታወራለች። በገዛ ግቢዬ እንግዳ ሆንኩ። የምታወራውን የማልሰማ መስዬ እንጨት እየለቀምኩ እዚያው አጠገባቸው እዞራለሁ፤ አንዲት ቃል ግን አታመልጠኝም።

ትረካው አይጢቱ ጎርፉ ውስጥ ሆና የቤቷን መስኮት ከሩቅ እስክታይ ይደርስና የአክስቴ ልጅ ወሬዋን ታቆማለች።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"አሁን አልነግራችሁም።"

"መቼ ነው የምትነግሪን?"

"አባዬ ሲመጣ።"

አባዬ ሲመጣ! አባቷ ሲመጡ ደግሞ ጡሩምባው ገና ከሩቅ ሲሰማ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሮጣለች፤ ጋቢናው ላይ ትወጣለች፤ "አንተ፣ ምነው ቆየህ?" ትላቸዋለች፤ በቃ፣ ሄደች። አዎ፣ አባቷን አንተ ነበር የምትለው። በኛ ቤት አባት እርስዎ ነው። አባባ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ማታ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቢሮ ይመጣሉ፣ ኮታቸውን ምስማሩ ላይ ይሰቅላሉ፣ ውኃ ይቀርብላቸዋል። እኔም በሕይወቴ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም። እሷ አንተ ስትል አንጀቴ ድብን ይል ነበር።

ጋሼ ደግ ሰው ነበሩ፤ ዓይኔን አይተው ሳይገባቸው አልቀረም። በሚቀጥለው ጉዟቸው በራችን ላይ መኪናቸውን አቁመው አንድ ካሴት በመስኮት ወረወሩልኝ። "ላንቺም አዲስ አበባ አስቀድቼልሻለሁ፤ ከእንግዲህ ማኩረፍ የለም" አሉኝ።

እኛ ዴክ የለንም። ጎረቤታችን የእህል ነጋዴው ግን ነበራቸው። ሚስታቸው እጄን ታጥቤ እንድገባ አድርገው ከምንጣፉ ጫፍ አስቀመጡኝ። መብራት መጣ፣ ካሴቱ ገባ፣ አይጢቱም ብቅ አለች። ቀለም ግን የለም። አይጢቱ ግራጫ፣ ወንዙ ግራጫ፣ ጃንጥላው ግራጫ። ነጋዴው ቴሌቪዥናቸው የተሰደበ መሰላቸውና ሌላ ካሴት አስገብተው አንድ ቀይ መኪና አሳዩኝ። "አየሽ? የኔ ዕቃ ደህና ነው፤ ያንቺ ካሴት ነው የታመመው።" ከዚያ የዴኩ ራስ ቆሽሾ እንደሆነ ብለው ጥጥ በአረቄ ነክረው ውስጡን አሹት። ክፍሉ የሰርግ ቤት ሸተተ እንጂ አይጢቱ ያው አመድ ለባሽ ሆና ቀረች። እኔ ግን ወደድኳት፤ ምን ላድርግ። ትንሽ ሆና ያን ሁሉ ውኃ ስትቀዝፍ እኔም አብሬያት እቀዝፋለሁ። ማዶ የመስኮቷ መብራት ታየ፤ አይጢቱ ከጃንጥላው ብድግ አለች፤ በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ በረዶ ወረደ። ሽ ሽ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። በረዶው ያልፍ እንደሆን ብዬ ካሴቱ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።

የአክስቴ ልጅ ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ "ጃንጥላው ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?"

"ቀይ ነው" አልኩ፣ ደፍሬ።

ሳቀች። ከምትስቅብኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼን ጨቀጨቅኳቸው፤ በእናቴ በኩል ማለቴ ነው፤ እኔማ ምን አፍ አለኝ። ሌላ ቅጂ መጣ። ይሄኛው ቀለም ቢጤ ነበረው፤ ግን ማን በማን ላይ እንደፈሰሰ አይታወቅም። ስዕሉ ወደ ላይ ይሸሻል፤ የአይጢቱ እግር ከላይ፣ ጆሮዋ ከታች ይሆንና ተመልሶ ይገጥማል። ድምፁም ይንቀራፈፋል፤ ያቺ ጩጬ ፍጥረት እንደ ዳኛ ትናገራለች። አንገቴን እያጣመምኩ አየሁት። መስኮቱ ታየ፣ አይጢቱ ብድግ አለች፤ እናም፣ ትሰሙኛላችሁ፣ በላብ የወዛ ቦክሰኛ ዱብ አለ። ሁለት ጎረምሶች ይደባደባሉ። ነጋዴው በጣም ደስ አላቸው፤ "ይሄ ነው እንጂ ፊልም" ብለው ወንበራቸውን አስጠጉ። እኔ አለቀስኩ።

"ቀጂዎቹ ሌቦች ናቸው" አሉኝ ነጋዴው ኋላ ሲያባብሉኝ። "ካሴት እየቆጠቡ ነው። የልጅ ነገር ነው፣ ማን ያያል ብለው መጨረሻውን ይቆርጡታል።"

ይህንን ለጋሼ በአደራ አስነገርኩ። ጋሼ ግን፣ ኬላ ጠባቂን ሳይቀር የሚገላምጡት ሰውዬ፣ ይህ ሲነሳ ጎማቸውን በእግራቸው መምታት ይጀምራሉ። "እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው፣ ምን ይደረጋል" ይላሉ፤ ዓይኔን ግን አያዩኝም። ሦስተኛ ቅጂ አመጡልኝ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር፤ ሁለት ነጭ መስመር ብቻ አይጢቱን ወገቧ ላይ ይቆርጣታል። እሱም መስኮቱ ሲታይ ቀጥ። ካሴቱን ግድግዳ ላይ ላጋጨው ምን ቀረኝ። አሁን ቀለሙንም ድምፁንም ትቼዋለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አይጢቱ ቤቷ ስትገባ ማየት። ያንን ደግሞ በዚህ አገር ያላት አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ልትነግረኝ አትፈልግም። ቅናቴ ከዚህ በኋላ እንቅልፍ የሚነሳ ሆነ።

በግማሽ ዓመቱ እረፍት እናቴ ጭቅጭቄ ሰለቻትና ቡሬ ሰደደችኝ። ለገበያ ከምትሄድ ጎረቤት ጋር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ማንኩሳ ላይ ስንደርስ የጋሼ መኪና ከፊታችን መጣ፤ ሾፌሮቹ ቆመው ሰላም ተባባሉ። ጋሼ በመስኮት አይተውኝ፣ "ልጄ፣ ወደኛ ነሽ? ግቢ፣ ቤትሽ ነው። እኔ እንግዲህ ወርጄ መመለሴ ነው" አሉኝ። መኪናው ላይ የተጫነው በርበሬ አውቶቡሱን ሁሉ አስነጠሰው።

አክስቴ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ደስታዬን አገኘሁ። ቤቱ አልተጠረገም! የበርበሬ ፍሬ፣ ገለባ፣ የጠዋት ቁርስ ፍርፋሪ፣ ሁሉም እንዳለ ወለሉ ላይ ነው። አክስቴ በንጽሕናዋ የታወቀች ናት፤ እናቴ ሁልጊዜ "እንደ እህቴ ቤት" እያለች ነው የምታስጠርገኝ። ቆይ፣ ልመለስ፣ ምን እንደምነግራት አውቃለሁ አልኩ በልቤ። እነ ባለ ዴክ ወለላቸውን እንኳ አይጠርጉም።

ማታ መብራት እንደመጣ ካሴቱን ራሷ አስገባችልኝ። ልዋሽ አልችልም፣ አፌ ተከፈተ። ጃንጥላው ቢጫ ነው፤ የእንቁላል አስኳል ነው የሚመስለው። እንቁራሪቱ ለካ ሰማያዊ ኮፍያ አለው፤ እኔ ሦስቱንም ቅጂ ሳይ ኮፍያ ማድረጉን እንኳ አላውቅም። የወንዙ ድምፅ እዚያው ሳሎን ውስጥ ያለ ያህል ይሰማል። እሷ ይህንን በፈለገች ቀን ስታይ ኖራለች፤ እኔ ከአመድ ጋር ስታገል። ደስታው ራሱ አቃጠለኝ። ቢሆንም መጨረሻው እየደረሰ ነው፤ ዛሬ ማንም አያስቆመኝም። መስኮቱ ታየ። አይጢቱ ብድግ አለች።

ቀጭ። የአክስቴ ልጅ ዴኩን ዘጋችው።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"በቃ፣ አለቀ።"

"አላለቀም።"

"አባዬ ሲመጣ እናያለን።"

እኔ እንጃ ማን ቀድሞ የማንን ጸጉር እንደያዘ። "ስስታም፣ ከካሴትሽ ጋር ያስቀብሩሽ" ማለቴን አስታውሳለሁ። እሷ ዴኩን አቅፋ ታለቅሳለች እንጂ አትለቀውም። አክስቴ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ከመሐላችን ገባች፤ ልጇን አልተቆጣችም፣ እኔንም አልተቆጣችም። መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ።

"የእህቴ ልጅ፣ ዛሬ ቤቴን ቆሻሻ አላልሽውም?"

ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ።

"ሰው መንገድ በወጣበት ቀን ቤት አይጠረግም። እናትሽም ይህን ታደርጋለች፤ እናንተ ቤት መንገደኛ ስለሌለ አላየሽም። እግሩን ተከትሎ መጥረግ፣ አትመለስ እንደማለት ነው። ይቺ ደግሞ" አለችና ወደ ልጇ ጠቆመች፣ "ከዚያ ላይ የራሷን ጨመረችበት። አባቷ መንገድ ላይ እያለ አይጢቱ ቤቷ ከገባች፣ መግቢያውን ወሰደችበት ማለት ነው ትላለች። መጀመሪያ አባቷ ይግባ፣ ከዚያ አይጢቱ ትግባ። አትነግርሽምም፤ መንገሩም ያው ነው ትላለች።"

"ታዲያ አንቺ ዝም ትያታለሽ?"

"ምን እላታለሁ? እኔስ ብሆን፣ እሱ ውጭ እያለ ደፍሬ አይቼው አውቃለሁ?"

ከዚያ በኋላ ልቤ ራርቷል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ባሰብኝ። እስከዚያ ቀን የቀናሁት በካሴቱ ነበር፤ አሁን በመጠበቋም ቀናሁ። እኔ ቤት የሚጠበቅ ሰው የለም። አባባ ከቢሮ እስከ ቤት የሚገጥማቸው አንድ ድልድይና የጎረቤት ውሻ ነው። ለሳቸው ወለል ሳይጠረግ አይውልም፣ አይጥም አትቆምም።

የጋሼ መመለሻ ደረሰና አለፈ። አክስቴ ቤት የሚመጡ ሴቶች ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ስለ አሰብ መንገድ ያወራሉ፤ መኪና ተቃጠለ ይባላል፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኛ ስንገባ ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ይዞራል። ማታ ማታ የአክስቴ ልጅ ካሴቱን ታስገባለች፤ መስኮቱ እስኪታይ አብረን እናያለን፤ ቀጭ ታደርገዋለች። መጣላቱን ትተነዋል። አንድ ምሽት ሳታስበው እንቅልፍ ጣላት። አክስቴ ጓዳ ናት። አይጢቱ በወንዙ እየወረደች ነው፤ ጭልፊቱን አልፋለች፣ ኤሊውን ተሰናብታለች። ዝም ብዬ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ያን ያህል ዘመን የለመንኩት ነገር በራሱ እየመጣልኝ ነው። መስኮቱ ብልጭ ሲል ግን ጣቴ ከኔ ቀድሞ ሄዶ ዴኩን ዘጋው። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼ ነው። የጋሼ ነገር በኔ እጅ ሲሆን ፈራሁ።

ጋሼ የመጡት እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ልክ መብራት ሲመጣ፣ ገና ሳይጨልም። ጡሩምባው ከአውራ መንገዱ ሲሰማ አክስቴ የያዘችውን ድስት መሬት ላይ አስቀምጣ እዚያው ቁጢጥ አለች። ልጅቷ ግን በሩን በርግዳ ወጥታለች። ጋሼ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሰው ገቡ። መኪናው ተበላሽቶ በረሃ ላይ ኖሯል የቆዩት። አክስቴ እግራቸውን ልታጥብ ውኃ ስታቀርብ ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ወደ ቴሌቪዥኑ ትጎትታለች።

"አንተ፣ ና፣ አይጢቱ ቆማ እየጠበቀችህ ነው።"

"እሺ የኔ እመቤት፣ ትግባ።"

በግድግዳው ጥግ ቆሜ አየሁት። አይጢቱ ብድግ አለች። ውኃው ጃንጥላውን አንዴ አዙሮ ደጃፏ ላይ ተፋት። በሩ ተከፈተ። አንድ ትልቅ አይጥ፣ አባቷ መሆን አለበት፣ ጃንጥላውን ተቀብሎ ውኃውን አራገፈና ከበሩ ኋላ ሰቀለው። በሩ ተዘጋ። አለቀ። ይኸው ነው። ሦስት ካሴት ሙሉ ያለቀስኩለት ነገር ጉሮሮ ለማርጠብ እንኳ አይበቃም። ዞር ስል ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ እግራቸው ገንዳው ውስጥ ነው። ልጅቷ አውራ ጣታቸውን በሁለት እጇ ይዛለች። ቴሌቪዥኑን ትቼ እነሱን ነበር የማየው፤ በቀለምም፣ በድምፅም እንከን አልነበረባቸውም፤ ለኔስ ያንን ቅጂ ማን ያስቀዳልኛል?

በማግሥቱ ጋሼ ራት ላይ እየሳቁ ነገሩኝ። ቀጂዎቹ ሌቦች አልነበሩም። ልጃቸው ካሴቱን ስትሰጣቸው "ቤቷ ሳትገባ አስቁማቸው" ብላ አስምላቸዋለች፤ እሳቸውም አዲስ አበባ ካሴት ቤት በቀጂው ራስ ላይ ቆመው መስኮቱ ሲታይ "በቃ፣ ዝጋው" ይላሉ። ቀጂውም እኚህ ሰው እብድ ናቸው ብሎ ነበር አሉ።

"ታዲያ አሁን መጥተዋል፤ ሙሉውን ያስቀዱልኝ" አልኳቸው።

"ቡሬ ካሴት የሚቀዳ የታለ፣ ልጄ? አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ ያው መንገድ ላይ ነኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ሙሉ ቅጂ የማገኝበት መንገድ በዚህ ዓለም አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም የተመለስኩ ዕለት ለእናቴ የቆሻሻውን ወሬ አላወራሁም። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የአጥሩ በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። አባባ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ እንዳደረጉ በድንጋጤ ቆሙ። እኛ ቤት ልጅ ሮጦ ከመጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

"ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። መጡ ብዬ ነው" አልኩ።

ጥቂት አዩኝ። "ከየት ልመጣ ኖሯል?" አሉና ኮታቸውን ራሳቸው ይዘው አልፈውኝ ገቡ። ምሽቱን ሙሉ አኩርፌ አመሸሁ፤ የአክስቴ ልጅ አውራ ጣት ይዛ ትስቃለች፣ እኔ "ከየት ልመጣ" እባላለሁ።

በነጋታው ማታ አጥሩ በር ላይ ኮቴያቸው ተሰማና ቆመ። በሩ አልተከፈተም። እናቴ ከጓዳ "ምነው፣ ዛሬ አባትሽን በሩ አልከፈት አላቸው እንዴ?" አለች። ቁልፍ የለውም፤ በገመድ ነው የሚታሰረው። እኔም አፍንጫዬን ነፍቼ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ትንሽ ቆይቶ አባባ ከውጭ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ጡሩምባ የላቸው እንግዲህ።